ቲማቲም መቂ ላይ ይጣላል፣ አራት ኪሎ ላይ ይወደዳል፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ነው። የስምንትና የአራት ዓመት ልጆች አሉን። የጤና ጣቢያ ባለሙያዋ ልጆቹ በየቀኑ አትክልትና ፍራፍሬ መብላት አለባቸው ብላኛለች። እኔም ባለቤቴም ደመወዝተኞች ነን፤ ወሩ ሲጋመስ ግን ጓዳችን የሚቀረው ሽንኩርትና ድንች ነው። በቴሌቪዥን ደግሞ የመቂ ገበሬ ቲማቲሙን ሜዳ ላይ ሲደፋ አያለሁ። ይህ የደላላ ሥራ ነው? አገሩ ነው ያልሠራው? ወይስ እኛው መብላት አናውቅም? ፍሪጃችን ከተበላሸ ቆይቷል። ለልጆቹ የቪታሚን ሽሮፕ ብገዛላቸው አይሻልም?»

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ። በጥያቄዎ ሦስት ተከሳሾች አቁመዋል፤ ደላላው፣ አገሩና የራስዎ ጓዳ። ሦስቱም ነፃ አይወጡም። ዋናው ተከሳሽ ግን ስሙ አልተጠራም፤ እሱም ብልሽት ነው። ቲማቲም ከግንዱ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ዋጋው በየሰዓቱ የሚቀንስ ዕቃ ነው። እህል ነጋዴ ገበያው ካልተስማማው ጤፉን ቆልፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የቲማቲም ነጋዴ ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ከገበሬው እስከ ጉሊቷ እናት ድረስ ያለው ሰው ሁሉ ዋጋ ሲተምን ሳይሸጥ የሚበላሽበትን አስቀድሞ ደምሮ ነው። እርስዎ አንድ ኪሎ ሲገዙ እጅዎ ላልገባው ቲማቲምም እየከፈሉ ነው።

በመጀመሪያ ግን «መብላት አናውቅም» ከሚለው ራስን መውቀስ እንገላገል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ መሠረት 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም፣ ከ6 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ 350 ግራም፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን 250 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ያስፈልገዋል። ድንች በዚህ ስሌት አይገባም፤ የሚቆጠረው እንደ እንጀራና ዳቦ ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ቅር ይላቸዋል፤ በእኛ አገር ድንች ወጥ ያለበት ገበታ አትክልት የሞላበት ተደርጎ ይታያልና። ወደ እርስዎ ቤት ስንመለስ ሁለት አዋቂ፣ የስምንት ዓመት ልጅና የአራት ዓመት ሕፃን አላችሁ። ድምሩ በቀን 1.4 ኪሎ፣ በወር 42 ኪሎ ይሆናል። ርካሹንም ውዱንም ቀላቅለን ኪሎውን ለስሌት ያህል 60 ብር ብንለው በወር 2,520 ብር ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያገኝ ሰው የእርስዎን ያህል ቤተሰብ ቢኖረው፣ ከደመወዙ 42 በመቶውን ጎመንና ሙዝ ላይ ሊያውል ነው ማለት ነው። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ትራንስፖርቱና የትምህርት ቤት ክፍያው ገና አልተነሡም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በ18 አገሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የታተመ ጥናት አለ። በዝቅተኛ ገቢ ምድብ የተካተቱት ባንግላዴሽ፣ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ዚምባብዌ ነበሩ። በእነዚህ አገሮች ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ድርሻ ፍራፍሬና ሦስት ድርሻ አትክልት (ድርሻ ማለት በአንድ ጊዜ የሚበላ መጠን ነው) ለማቅረብ ከቤተሰቡ ገቢ 52 በመቶ ገደማ ይጠይቃል። በሀብታሞቹ አገሮች ግን ከ2 በመቶ በታች ነው። ሰዉ የሚበላው መጠንም ይህንኑ ይከተላል፤ በድሆቹ አገሮች በአማካይ በቀን ሁለት ድርሻ ያህል፣ በሀብታሞቹ ከአምስት በላይ። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ብሔራዊ የጤና ዳሰሳ ከአዋቂዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት በቀን አምስት ድርሻ አይደርሱም ነበር። ሕዝብ በሙሉ ባላዋቂ ሊሆን አይችልም። እኛ ባለሙያዎች «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የምንለውን ነገር የምንወደው ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ፖስተር መለጠፍ የቀዝቃዛ መጋዘን ከመሥራት ይቀልላል።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። የመቂና የባቱ አካባቢ ገበሬ ከደምበል ሐይቅና ከጉድጓድ በናፍጣ ፓምፕ ውሃ እየሳበ ያለማል። ዝናቡ ሲያበቃ ሁሉም በአንድ ሰሞን ችግኝ ያዛውራል፤ ቲማቲም ከተዛወረ ሦስት ወር አካባቢ ላይ ስለሚደርስ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይለቅማል። ባለፈው ዓመት ቲማቲም ተወድዶ ከነበረ ደግሞ ሽንኩርት የነበረው ማሳ ሳይቀር ወደ ቲማቲም ይዞራል። ያን ጊዜ የማሳ ዋጋ ይወርድና የለቃሚ የቀን አበል፣ የሣጥንና የጭነት ወጪ ሲደመር ገበያው ከሚከፍለው ይበልጣል። ገበሬው ለቅሞ ከሚከስር እዚያው ቢተወው ይሻለዋል። በቴሌቪዥን ያዩት ይህ ነው። ቂልነት እንዳይመስልዎ፤ ሒሳቡን በትክክል ሠርቶ ነው። መውጫው ቢያንስ ከፊሉን ምርት ለሦስት ሳምንት የሚያቆይ ቀዝቃዛ ቤት ወይም የሚገዛ የድልህ ፋብሪካ በቅርብ መኖሩ ነው።

በዚህ መሐል ደላላው ይገባል። ደላላ ሲባል የሁሉም ሰው ደም ይፈላል፤ የእኔም አልፎ አልፎ ይፈላል። ገበሬው የአዲስ አበባን ዋጋ የሚሰማው ከእሱ አፍ ነው፤ ዘርና ናፍጣ በዱቤ ወስዶበት ከሆነ ደግሞ ለሌላ መሸጥ አይችልም። ይህ እውነተኛ በደል ነው። ነገር ግን በአንድ ማለዳ ለቃሚ ሰብስቦ፣ አይሱዙ አግኝቶ፣ ከአሥር ትንንሽ ማሳ አንድ መኪና ሙሉ ጭነት አጠናቅቆ ማታውኑ የሚያስነሣ ሌላ ሰው የለም። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ሞክረዋል፤ በእህል የተሳካላቸው በቲማቲም ተቸግረዋል። የቲማቲም ዋጋ የሚወሰነው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ኮሚቴ ተሰብስቦ እስኪወስን ቲማቲሙ አይጠብቅም። ደላላን በአዋጅ ማስወጣት ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብለት ሐሳብ ነው፤ ሥራውን የሚተካ ሳይዘጋጅ ከተደረገ ግን ማሳ ላይ የሚቀረው ቲማቲም ይጨምራል።

ጭነቱን በቅርብ እንየው። ቲማቲም በሻካራ የእንጨት ሣጥን ጢም ተደርጎ ይሞላል፤ ኪራዩ በሣጥን ስለሆነ ክዳኑ ሳይገጥም እስኪቀር ነው የሚታጨቀው። ከላይ ሌላ ሣጥን ይጫንበታል፣ ከዚያም ሌላ። ከታች ያለው ጥግ ላይ ይሰነጠቃል፤ ጭማቂው ይፈስስና አጠገቡ ያለውን ያረጥባል፤ በሸራ ታፍኖ ሌሊቱን ሲጓዝ ሙቀቱ የቀረውን ይጨርሳል። ናይጄሪያ ውስጥ ከካኖ ወደ ሌጎስ የሚሄደው ቲማቲም በሰሌን ቅርጫት ተጭኖ ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል፤ እዚያ በፕላስቲክ ሣጥን ለመተካት ብዙ ተደክሟል። ችግሩ ዕውቀት አይደለም። የፕላስቲክ ሣጥን ባዶውን ወደ መጣበት መመለስ አለበት፤ የመመለሻውን ጭነት ማን ይክፈል የሚለው ነው ያልተፈታው። የምግብና እርሻ ድርጅት ግምት በዓለም ደረጃ ከሚመረተው ሥራ ሥር፣ አትክልትና ፍራፍሬ ከ40 እስከ 50 በመቶው ሳይበላ እንደሚቀር ያሳያል። በሀብታም አገር የሚጣለው በአብዛኛው ሱቅና ቤት ከደረሰ በኋላ ነው፤ በእኛ ዓይነቱ አገር ግን በመንገድ ላይ ነው።

የመጨረሻዋን ሻጭ፣ ጉሊት ላይ ያለችውን እናት ሒሳብ ልሥራልዎ። ቁጥሮቹን እኔ ያስቀመጥኳቸው ለምሳሌ ነው። 20 ኪሎ በ40 ብር ገዛች፤ 800 ብር። ለማመላለሻ 80 ብር አወጣች፤ ለውሎዋ 200 ብር ትፈልጋለች። ስለዚህ ከሽያጩ 1,080 ብር መሰብሰብ አለባት። ምንም ባይበላሽባት ኪሎውን 54 ብር ሸጣ ትገባ ነበር። ነገር ግን 2 ኪሎው ይጣላል፤ 4 ኪሎው ደግሞ ለስልሶ «ለወጥ» ተብሎ ማታ በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። እንግዲህ ጠንካራውን 14 ኪሎ 67 ብር ከ50 ካልሸጠች አይሞላላትም። 13 ብር ከ50 ሳንቲሙ ማንም ኪስ አልገባም፤ በሰበሰ። እንዲህ ያለው ጭማሪ በአንድ ደረጃ ብቻ ሳይሆን በገበሬው፣ በጫኙ፣ በጅምላ ነጋዴውና በአከፋፋዩ ላይ ሁሉ አለ።

እርስዎ ያሉበት ሰፈር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ዕድሜ ለአትክልት ተራ፣ የፒያሳና የአራት ኪሎ ሰው ለረጅም ዘመን በእግሩ ሄዶ በጅምላ ዋጋ አካባቢ የሚገዛ የታደለ ነዋሪ ነበር። ጭቃው፣ ግፊያውና የመኪናው ጡሩንባ ይረሳል እንጂ። በ2012 በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ሜዳው ለ2013 ጥምቀት መለቀቅ ስለነበረበት ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ውሳኔው ምክንያት ነበረው፤ አይሱዙ መኪኖች መሐል ከተማ ውስጥ ሌሊት ተሰልፈው የሚያራግፉበት ሁኔታ ሊቀጥል አይችልም ነበር። ሆኖም ቲማቲም ከደቡብ መጥቶ በከተማው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ይራገፍና እንደገና ተጭኖ ወደ እርስዎ ይወጣል። አንድ ማውረድና አንድ መጫን ተጨመረ ማለት ነው። ሁለቱም ዋጋ አላቸው፤ ሁለቱም ቲማቲሙን ያደቅቁታል።

ሌላው ለውጥ ይበልጥ ይነካዎታል ብዬ አስባለሁ። ከ2016 ጀምሮ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱና የኮሪደር ሥራው ሲሠራ የእግረኛው መንገድ አማረ፤ አብሮ ግን በየቅያሱ የነበረው ጉሊት ተነሣ። ጉሊት ማለት በመደብ የሚሸጥልዎ ነው፤ ሦስት ቲማቲም፣ አራት ቃሪያ፣ አንድ እፍኝ ነጭ ሽንኩርት። ገቢው በቀን ለሚመጣ ሰው የአትክልት በር እሱ ነው። ሱፐርማርኬት አይተካውም፤ ሱፐርማርኬት ዋጋው ላይ የመብራቱንና የኪራዩን ይጨምርበታል፣ ዱቤም አይሰጥም። ከተማ አስተዳደሩ ከ2014 ጀምሮ የእሁድ ገበያዎችን ከፍቷል፣ በለሚ ኩራና በኮልፌም ትልልቅ የግብርና ምርት ገበያ ማዕከላትን ገንብቷል። ጥሩ ሥራ ነው፤ የእሁድ ገበያው በተለይ። ግን እሁድ የሚገዛው በእጁ የሳምንት ገንዘብ ያለውና ሳምንት የሚያቆይበት ቦታ ያለው ሰው ነው። ከጉሊት ተመላልሶ በትንሽ በትንሹ የሚገዛው ድሃ በኪሎ ሲሰላ ከሀብታሙ የበለጠ ይከፍላል። የከተማ ንድፍ የሚሠሩ ሰዎች በየሰፈሩ ሁለት ካሬ ሜትር ጥላ ለጉሊት ቢያስቀሩ፣ እኔ በዓመት ከማስተምረው ትምህርት ይበልጣል።

ወቅቱንም መርሳት አይገባም። ክረምት ሲገባ ቲማቲም በዋግ ይመታል፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም እሳት ራት አገራችን ገብቶ በደረቁም ወራት እፎይታ ነሥቷል። ሽንኩርት ጭቃ ውስጥ ይበሰብሳል፤ አዲሱ የመስኖ ምርት እስኪደርስ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ክፉ ነው፤ እንቁጣጣሽና መስቀልም እዚያው መሐል ይውላሉ። ዶሮ ወጥ ያለ ብዙ ሽንኩርት አይሠራም። በ2016 መጀመሪያ ላይ ኪሎ ሽንኩርት ከ100 ብር በላይ ሲወጣ ይህ ሁሉ ተደራርቦ ነበር፤ በመተማ በኩል ይገባ የነበረው የሱዳን ሽንኩርትም በሚያዝያ 2015 በተጀመረው የሱዳን ጦርነት ተስተጓጉሏል። በሌላ በኩል ጾም አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል። ይህን ያህል ቀን ሥጋና ወተት የማይቀርብበት አገር በአትክልት አበላል ዓለምን ማስተማር ነበረበት፤ ግን የጾሙን ገበታ የሞላነው በሽሮና በምስር ነው። ሁለቱም ደግ ምግብ ናቸው፤ የአትክልትን ቦታ ግን አይሸፍኑም።

ሕንድን ለንጽጽር ላንሣ፤ ቀዝቃዛ መጋዘን ብቻ ይበቃል የሚሉ ስላሉ። ሕንድ እጅግ ብዙ ቀዝቃዛ መጋዘን አላት፤ አብዛኛው ግን የያዘው ድንች ነው። ቲማቲም እዚያም በአንዱ ወር መንገድ ላይ ይደፋል፣ በሌላው ወር ይወደዳል። የሽንኩርት ዋጋ ደግሞ መንግሥትን ያስጨንቃል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክለው እስከ ግንቦት 2024 አቆይተውታል። መጋዘን ካለ በኋላም ማን ምን ያስገባበታል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። መልሱም ብዙውን ጊዜ «የማይበላሸውን» የሚል ነው።

ስለ ልማድ በአጭሩ። ጎመን የችግር ምግብ ተደርጎ መታየቱ ጎድቶናል፤ «ጎመን በጤና» የምንለው እንኳ የተሻለ ነገር አጥተን በጎመን ስንጽናና ነው። ሐበሻ ጎመን ግን በብር ሲመዘን አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጡት ሁሉ ምናልባት ከፍተኛውን ገንቢ ንጥረ ነገር የሚሰጥ ነው፤ ለቪታሚን ኤ የሚሆን ካሮቲን፣ ፎሌትና ካልሲየም አለው። በተቃራኒው እንግዳ ሲመጣ የሚቀርበው ከውጭ የገባ ፖም ነው፤ በዋጋው ብዙ እስር ጎመን ይገዛል፣ ያለው ቪታሚን ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጁስ ቤትም ሌላው ማሳሳቻ ነው። አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ፍራፍሬ ነው፤ ከላዩ የሚጨመረው ስኳር ግን ከፍራፍሬ አይቆጠርም። ለልጆቹ ፓፓያውን ቆርጠው ቢሰጧቸው ዋጋውም ያንሳል፣ ሆዳቸውም ይጠግባል።

አንድ ሌላ ፍርሃት አለ፤ ሰዎች ጮክ ብለው አይናገሩትም እንጂ ከአትክልት ያርቃቸዋል። በከተማው ውስጥና ዳር የሚበቅል ቆስጣና ሰላጣ በአቃቂ ወንዝ ውሃ ሲጠጣ እንደኖረ ሁሉም ያውቃል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ጀርምና የጥገኛ ትል እንቁላል በደንብ በማጠብ ይቀንሳሉ፤ በማብሰል ይሞታሉ። ከፋብሪካ ዝቃጭ የሚመጣ ከባድ ብረት ግን በማብሰል አይወጣም፤ ቅጠላ ቅጠልም ከቲማቲምና ከቃሪያ ይልቅ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ቅጠሉ ከየት እንደመጣ ሻጯን ይጠይቁ። ጎመኑ ከሆለታ አካባቢ ነው ካለችዎና የምታውቋት ደንበኛ ከሆነች ይበቃል። ሰላጣን በጥሬው ለአራት ዓመቱ ልጅ አልመክርም፤ ካሮት ታጥቦና ተልጦ በጥሬው ይሻለዋል።

እንግዲህ በዚህ ደመወዝና ያለ ፍሪጅ ምን ይደረግ? ከዱባ ይጀምሩ። ያልተቆረጠ ዱባ ደረቅና አየር ባለበት ቦታ ወራት ይቆያል፤ ውስጡ ብርቱካናማ ከሆነ ለልጆች ዓይን የሚጠቅም ካሮቲን አለው። ከተቆረጠ በኋላ ግን ሁለት ቀን አያልፍም፤ ስለዚህ ቆራጭና ተካፋይ ጎረቤት ይፈልጉ። ጥቅል ጎመን ውጫዊ ቅጠሉ ሳይላጥ ከአንድ ሳምንት በላይ ይቆያል። ካሮት ቅጠሉ ተቆርጦ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ላይ ይቀመጥ። ሽንኩርት ሲገዙ አንገቱን ይጫኑት፤ ከለሰለሰ ዋጋ ሲወደድ ሳይደርስ ተነቅሎ የመጣ ነው፣ ውሃውን ይዞ ይበሰብሳል። በፌስታል ታስሮ አይቀመጥ፤ በቅርጫት ወይም በወንፊት ከረጢት ይሰቀል። ሙዝና ቲማቲም ፍሪጅ ቢኖርም አይፈልጉትም። ጎመንና ቆስጣ ብቻ ናቸው በተገዙበት ቀን መበላት ያለባቸው፤ እነሱን ከቤትዎ አጠገብ ካለችው ሻጭ በመደብ ይግዙ፣ የቀረውን ከእሁድ ገበያ።

ኮንዶሚኒየም መኖርዎ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል። አራት ወይም አምስት ቤት ሆናችሁ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት፣ አንድ ሣጥን ቲማቲምና አንድ ዘለላ ሙዝ በጅምላ ዋጋ መግዛት ትችላላችሁ። ዕቁብ ለመጣል የምትተማመኑ ጎረቤቶች ካላችሁ ይህንንም ታደርጉታላችሁ። ቀድሞ የሚነሣው ጠብ በቲማቲሙ ላይ ነው፤ ጠንካራው ለማን፣ ለስላሳው ለማን የሚለው። ከታች ያለውን የለሰለሰ ለብቻ አውጥታችሁ ያንኑ ቀን ስልስ አድርጋችሁ ተካፈሉት። ማታ ላይ ጉሊት የሚያልፉ ከሆነም «ለወጥ» የተባለውን ለስላሳ ቲማቲም አይናቁ። ካልሻገተና ካልሸተተ ከጠንካራው በንጥረ ነገር አያንስም፤ በግማሽ ዋጋ ለሚገዛው ትልቅ ትርፍ ነው።

ምግቡ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ዘይት ይፈልጋሉ፤ ካሮቲኑ ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለድስቱ ይበቃል። ሽሮና ምስር ላይ ደግሞ ከድስቱ ከወጡ በኋላ ሎሚ ይጨመቅባቸው ወይም ጥሬ ቃሪያ ይቅረብባቸው፤ ቪታሚን ሲ በእህልና በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ብረት ለሰውነት ያቀርበዋል። ፍራፍሬውን በወቅቱ ይከተሉ፤ በግንቦትና በሰኔ ማንጎ ሲትረፈረፍ ማንጎ፣ ሌላ ጊዜ ሙዝና ፓፓያ፣ አቮካዶ ሲረክስ አቮካዶ። 42 ኪሎው በአንድ ወር አይሞላም። አሁን 15 ኪሎ ላይ ካላችሁ ወደ 25 መድረሱ ለልጆቹ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ከዜሮ የሚጨመረው የመጀመሪያው 100 ግራም ከመጨረሻው 100 ግራም የበለጠ ይጠቅማል።

ሽሮፑን በተመለከተ፣ ሐኪም እጥረት አይቶ ካላዘዘው አይግዙት። ቃጫም ፖታሲየምም አይሰጥም፣ ብዙው በስኳር የጣፈጠ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ የሚወስደው ገንዘብ የብዙ ቀን ጎመንና ካሮት ይገዛል። በተጨማሪም የአራት ዓመቱ ልጅዎ ቪታሚን ኤ በነፃ የማግኘት መብት አለው፤ ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የቪታሚን ኤ ጠብታ ይሰጣቸዋል፣ ከ2 ዓመት በላይ ለሆኑት የሆድ ትል መድኃኒትም አብሮ አለ። የክትባት ካርዱን ይዘው ያችኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያ የመጨረሻውን መቼ እንደወሰደ ይጠይቋት። ትልቁ ልጅ ዕድሜው ስላለፈ የቪታሚን ኤ ጠብታው አይሰጠውም፤ ለእሱ ዱባው ይበቃዋል።